ሣር የሚያርፍበት ወራት፤ የመንዝ ጓሳና የግጦሽ ሕግ

በአማርኛ ቋንቋ «ከብት» የሚለው ቃል በሬንና ላምን ብቻ የሚያመለክት አልነበረም፤ ጥንት ሀብትንና ንብረትንም ያጠቃልል ነበር። ሰው ሀብቱን የሚቈጥረው በበረቱ ባለው እንስሳ ስለ ነበር ሁለቱ ነገሮች በአንድ ስም ተጠሩ። ዳሩ ግን ከብቱን የሚቈጥር ሰው ብዙ ሲሆን፣ ከብቱን የሚያኖረውን ሣር የሚመረምር ሰው ጥቂት ነው። በሬ ሲከሳ ባለቤቱ ወዲያው ያያል፤ መሬት ሲከሳ ግን የሚታወቀው ከአያሌ ዓመታት በኋላ ነው። ያን ጊዜም ጥፋቱ በማን ዘመንና በማን ትእዛዝ እንደ ተጀመረ ለይቶ ለማወቅ ያስቸግራል።

ነገሩ አገር ለሚያስተዳድር ሹምም ሆነ በቁም ከብት፣ በቆዳ፣ በሱፍና በቅቤ ለሚነግድ ሰው የሩቅ ወሬ አይደለም። የበሬው ዋጋ፣ የቆዳው ጥራት፣ የወንዙ ውሃ፣ የመንደሩም ሰላም በብዙው የተመሠረቱት በተራራው ላይ ባለው ሣር ነው። በግጦሽ ምክንያት መንደር ከመንደር እንደሚጣላና ሙግቱ ወደ ዳኛ እንደሚቀርብ በደጋ አገር ያገለገለ ሹም ሁሉ ያውቀዋል። ክርክሩ ሲነሣ የሚሰማው ቃል ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ወገን «ከብት ተራራውን አጠፋው፤ ፈጽሞ ይውጣ» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ሣርን እግዚአብሔር ለከብት ፈጠረው፤ ማን ይከለክለናል» ብሎ ይመልሳል። የዕፀዋት ምርምር ግን ከሁለቱም ጋር በሙሉ አይስማማም። የተራራን ሣር የሚያለማው ወይም የሚያጠፋው የከብቱ መኖርና አለመኖር ብቻ ሳይሆን፣ የሚገባበትና የሚወጣበት ጊዜ ነው። ይህንንም ከምርምር ጽሑፎች አስቀድሞ በኑሮው የተረዳ ሕዝብ በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ይገኛል።

የጓሳ ሜዳ

መንዝ ብርድ የበዛበት፣ ገብስ የሚዘራበት፣ በግ የሚረባበት ደጋ ነው። የመንዝ በግ ጠጕሩ ሻካራ ሲሆን፣ ባላገሩ ይህንኑ ጠጕር ፈትሎና ሸምኖ ባና የሚባለውን የሱፍ ልብስ ይሠራበታል። ከዚሁ አገር በስተምሥራቅ፣ ወደ ስምጥ ሸለቆው በሚያዘቀዝቀው ገደል አፋፍ ላይ፣ ጓሳ የሚባለው ከፍተኛ ሜዳ ተዘርግቶ ይገኛል። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ሲደርስ፣ ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከአፋፉ በአንዱ ወገን የሚወርደው ውሃ ወደ አዋሽ፣ በሌላው ወገን የሚወርደው ወደ አባይ ይሄዳል።

ሜዳው ስሙን ያገኘው በላዩ ከሚበቅለው ሣር ነው። ጓሳ ቅጠሉ ቀጭንና ጠንካራ ሲሆን፣ እንደ ታሰረ ነዶ በዘለላ በዘለላ ተሰብስቦ ይቆማል። ባላገሩ ቤቱን የሚከድንበት፣ ገመድ የሚገምድበት፣ በዓል ሲሆንም በወለሉ ላይ የሚጐዘጕዘው ይህንኑ ሣር ነው። ጓሳ ግን ብቻውን አይኖርም። በዝቅተኛው ስፍራ ውሃ የሚያቍር ረግረግ አለ፤ በጭንጫው ላይ ጦስኝ ይበቅላል፤ በዳገቱ አስታ፣ በጕብታው ላይም ነዋሪው ጨረንፌ የሚለው ቢጫ አበባ ያለው ቁጥቋጦ ይታያል፤ ጅብራም እንደ ምሰሶ ቆሞ ከሩቅ ይለያል። በነዚህ ሁሉ መካከል ማገጥና ሌሎች ደቃቅ ዕፀዋት ተሸሽገው ይኖራሉ።

ሜዳው ሰው ከብቱን ከማሰማራቱ በፊትም ቢሆን ያልተነካ አልነበረም። ጭላዳ ዝንጀሮ በመንጋ ሆኖ ሣሩን በጣቱ እየቀነጠበ ሲበላ ይውላል፤ ሣሩ ሲደርቅም መሬቱን እየጫረ ሥር ያወጣል። አይጥና ፍልፈል ከመሬት በታች እየቈፈሩ አፈሩን ይገለብጣሉ። እነዚህንም በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው ቀይ ቀበሮ እያደነ ይኖርባቸዋል። እንግዲህ የተራራ ሣር ከጥንት ጀምሮ ሲበላ፣ ሲረገጥና ሲገለበጥ የኖረ ነው። ጥያቄው ይነካ ወይስ አይነካ የሚል ሳይሆን፣ ከተነካ በኋላ ለማገገም ጊዜ ያገኛል ወይ የሚል ነው።

የቄሮ ሥርዓት

በመንዝ እንደሚተረከው ይህን ሜዳ በ17ኛው መቶ ዓመት ያቀኑት አስቦና ጌራ የተባሉ የአገሩ አባቶች ናቸው። ሜዳው በሁለቱ ስም ተከፍሎ፣ የእነርሱ ተወላጅ የሆነ ሁሉ በዐፅመ ርስቱ መብት አገኘበት። ጥበቃውም ቄሮ በሚባል ሥርዓት ይመራ ጀመር። ባለ መብቶቹ በየክፍላቸው አባ ቄራ የሚባል አለቃ መርጠው ይሾሙ ነበር፤ ሜዳውን የመጠበቁም ግዴታ በባለ መብቶቹ ሁሉ ላይ ነበር።

ሕጉ እንዲህ ነበር። ሜዳው አንድ ጊዜ ከተዘጋ እንደ ሣሩ ዕድገት እየታየ ሦስት ዓመትም አምስት ዓመትም ሳይከፈት ይቆያል። በዚህም ጊዜ ሣር ማጨድ፣ ከብት ማሰማራትና እንጨት መልቀም ክልክል ነው። ሣሩ መድረሱ ሲረጋገጥ የመክፈቻው ቀን በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያ፣ በለቅሶም ላይ ለሕዝብ ይነገራል። መክፈቻው ምግብ በሚጠፋበት በበጋው ድርቅ ወራት ነው። አስቀድሞ ሣሩ ይታጨዳል፤ ከዚያ በኋላ ከብቱ ይገባል። ክረምት ሲገባ ከብቱ ሁሉ ወጥቶ፣ የሐዋርያት ጾም በሚፈታበት በሐምሌ 5 ቀን ሜዳው ተመልሶ ይዘጋል። ሕጉን ጥሶ የተገኘ ሰው ከባድ ቅጣት ይጠብቀዋል።

ይህን የሰማ እንግዳ ሰው አንድ ነገር ሊያስገርመው ይችላል። ሣር የሚለመልመው በክረምት ነው። ታዲያ የመንዝ አባቶች ለምለሙን ከልክለው ከብታቸው ደረቁን እንዲበላ ስለ ምን ወሰኑ? መልሱ በሣሩ አካል ውስጥ ይገኛል።

ሣር እንዴት ይኖራል

የዛፍና የቁጥቋጦ ማደጊያ በቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ነው፤ ጫፉ ሲቀጠፍ ያ ቅርንጫፍ ማደጉን ያቆማል። የሣር ማደጊያ ግን ከመሬት አጠገብ፣ በቅጠሉ ግርጌ ተሸሽጎ ይገኛል። ስለዚህ ከብት የቅጠሉን ጫፍ ቢግጠው ሣሩ ከግርጌው እንደገና ያበቅላል። ሣር ከሌሎች ዕፀዋት ይልቅ ግጦሽን የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ዳሩ ግን ይህ ችሎታ ወሰን አለው። የተጋጠ ሣር አዲሱን ቅጠል የሚያወጣው በሥሩና በግርጌው ካስቀመጠው ስንቅ ጭምር ነው። ቅጠሉ አድጎ በፀሐይ ብርሃን ምግብ ማዘጋጀት ሲችል የተበደረውን ለሥሩ ይመልሳል። ሳይመልስ ደጋግሞ ከተጋጠ ግን ሥሩ እያጠረና እየሳሳ ይሄዳል፤ ድርቅ ወይም ውርጭ ሲመጣም አይችለውም። ይህም ነጋዴ ትርፉን ትቶ ዋናውን ገንዘብ መብላት ሲጀምር የሚደርስበትን ኪሳራ ይመስላል። ለጊዜው መደብሩ ክፍት ነው፤ ደንበኛውም አላወቀም፤ መዝገቡን የመረመረ ግን መጨረሻውን ያውቀዋል።

በክረምት ጓሳው ቅጠሉን የሚያበጅበትና ስንቁን የሚያከማችበት ወራት ነው። መሬቱም ርጥብ ስለሆነ የከብት ሰኰና ይሰጥምበታል፤ አፈሩ ተጠቅጥቆ ዝናቡን መጠጣት ያቆማል፤ ውሃውም ወደ ውስጥ በመግባት ፈንታ በላዩ እየሮጠ ቦይ ይቀዳል። በበጋ ግን የሣሩ ዕድገት ስለሚቀዘቅዝ የደረቀው ቅጠል ቢወሰድ ጉዳቱ ያነሰ ነው፤ መሬቱም ጠንክሮ ሰኰናውን ይችላል። እንግዲህ የሐምሌ 5 ቀን መዝጊያ የተቈረጠው በቤተ ክርስቲያን አቈጣጠር ቢሆንም፣ የሣሩን ሥርና የአፈሩን ጠባይ በትክክል የተከተለ ነው። የአገሩ ሰው ሥሩን በማጕያ መነጽር አልመረመረም፤ ዳሩ ግን በክረምት የተጋጠ ሜዳ በሚቀጥለው በጋ ባዶ ሆኖ እንደሚጠብቀው በራሱ በረት ላይ አይቶታል።

በተራራ ላይ ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመራል። በዚህ ከፍታ በበጋ ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው። በተራቆተ አፈር ውስጥ ያለው ርጥበት ሌሊት እንደ መርፌ በቀጠነ በረዶ ተለውጦ አፈሩን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ጧት ፀሐይ ሲመታው በረዶው ቀልጦ አፈሩ ተፈረካክሶ ይወድቃል። በእንዲህ ያለ ስፍራ ዘር ቢበቅል እንኳ ሥር ሳይሰድ ይነቀላል። የጓሳ ዘለላ ግን የሞተውን ቅጠል እንደ ጋቢ ለብሶ ለጋውን ቡቃያ በመካከሉ ከብርድ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ዘለላው ጠፍቶ አንድ ጊዜ የተራቆተ የተራራ መሬት እንደ ወይና ደጋ ማሳ በአንድ ክረምት አይሸፈንም። የመንዝ ሰዎች ሜዳቸውን ለሦስትና ለአምስት ዓመት መዝጋታቸው የተራራውን ዝግታ ማወቃቸውን ያመለክታል።

ከብት የሚለውጠው የዕፀዋት ማኅበር

ግጦሽ የሣሩን ቁመት ብቻ አያሳጥርም፤ በአንድነት የሚኖሩትን ዕፀዋት ዓይነት ይለውጣል። ከብት እየመረጠ ይበላልና። ላም ረጅሙን ሣር በምላሷ ጠቅልላ ትጐትታለች፤ በግ በቀጭን ከንፈሩ እየለየ ከመሬት አጠገብ ይቈርጣል፤ ፈረስና በቅሎ በላይና በታች ጥርሳቸው አስጠግተው ይነጫሉ፤ ፍየል ከሣሩ ይልቅ ቁጥቋጦውን ታዘወትራለች። እንግዲህ «ይህ ሜዳ ስንት ከብት ይችላል» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም፤ የትኛው ከብት እንደሆነም መለየት ያስፈልጋል።

ከብቱ ሲበዛና ዕረፍት ሲጠፋ አስቀድመው የሚያንሱት ጣፋጮቹ ናቸው። እነርሱ በተዉት ስፍራ ከብት የማይፈልጋቸው መራራዎች፣ እሾሃሞችና ጠጕራሞች ይስፋፋሉ። ከብቱ በሚያድርበትና በሚመሰግበት ስፍራ ደግሞ ፋንድያው ስለሚከማች ሣማና ቱልት ይወርሱታል፤ የሰፊው ሜዳ ለምነት በከብቱ ሆድ ተጭኖ ወደ አንድ ጥግ ተወስዷልና። ሩቅ ሆኖ የሚያይ ሰው ሜዳው አረንጓዴ ስለሆነ ደኅና ይመስለዋል። ጠጋ ብሎ የሚመለከት እረኛ ግን አረንጓዴው ሁሉ መኖ እንዳልሆነ ያውቃል።

ይህን ያነበበ ሰው «እንግዲያስ ከብቱ ፈጽሞ ቢወጣ አይሻልም ወይ» ሊል ይችላል። ይህም ቢሆን ለሁሉም ስፍራ የሚሆን መልስ አይደለም። እንግሊዛዊው ሊቅ ቻርልስ ዳርዊን በፈረንጆች አቈጣጠር በ1859 ባሳተመው ታላቅ መጽሐፉ ውስጥ ስለዚህ ነገር አንድ ትንሽ ሙከራ ገልጧል። ቁመቱ አራት ጫማ፣ ስፋቱ ሦስት ጫማ በሆነና ዘወትር ይታጨድ በነበረ ሣር ላይ 20 ዓይነት ዕፀዋት ይገኙ ነበር። ሣሩ ሳይታጨድ እንደ ልቡ እንዲያድግ ሲተው ኀይለኞቹ ደካሞቹን ስለ ሸፈኗቸው 9ኙ ዓይነት ጠፉ። ይህም ማጨድ ወይም መጋጥ ረጅሙን እየቀነሰ ለደቃቁ ብርሃን እንደሚከፍትለት ያስረዳል። ዳርዊን በዚያው መጽሐፍ እንደ ተረከው በሌላ ስፍራ ሰፊ ሜዳ በአጥር ሲከለል ጥድ በራሱ ይበቅልበት ጀመር፤ ከአጥሩ ውጪ ግን በአንድ ካሬ ያርድ ውስጥ 32 ትንንሽ ጥዶች ከብት ሲቀነጥባቸው ኖረው ከሣሩ ቁመት ሳያልፉ ተገኙ፤ ከእነርሱም አንዱ 26 የዕድሜ ቀለበት ነበረው። በአውሮፓ በአልፕስ ተራሮችም ገበሬው የትተዋቸው የግጦሽ ሜዳዎች በብዙ ስፍራ በቁጥቋጦ ተውጠዋል።

ከዚህ የተነሣ ከ1970ዎቹ የፈረንጆች ዓመታት ጀምሮ አያሌ የሥነ ሕይወት ሊቃውንት መካከለኛ የሆነ መነካት ከብዙውም ከጥቂቱም ይልቅ ብዙ ዓይነት ዕፀዋትን እንደሚያኖር ሲያስተምሩ ቆይተዋል። ይህ ትምህርት ግን በሁሉም ስፍራ እንደ አዋጅ የሚሠራ አይደለም። ዝናብ በበዛበትና ሣሩ ረጅም በሆነበት አገር መጠነኛ ግጦሽ ደቃቆቹን ይጠቅማል፤ ዝናብ ባነሰበት ወይም ዕፀዋቱ ከጥንት ጀምሮ ሰኰና ባላቸው እንስሳት ባልተጋጡበት አገር ግን ጥቂቱም ግጦሽ ሊጐዳ ይችላል።

ለዚህኛው ምስክር የሚሆነው በአውስትራሊያ፣ በቪክቶሪያ ግዛት የሚገኘው የቦጎንግ ከፍተኛ ሜዳ ነው። በዚያ ተራራ የአውሮፓ ሰፋሪዎች ከ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ በየበጋው ከብት ያሰማሩ ነበር። የውሃ መገኛዎቹ አፈር መሸርሸሩ ስላሳሰበ፣ በ1940ዎቹ የፈረንጆች ዓመታት ሜዚ ፎሴት የተባለች የዕፀዋት ተመራማሪ ሁለት ስፍራ መርጣ፣ የሜዳውን ከፊል በአጥር ከለለች፤ ከፊሉን ደግሞ ለከብቱ ተወችው። ከዚያም በአጥሩ ውስጥና ውጪ የሚበቅለውን ትቈጥር ጀመር። እየቈየ ሲሄድ በአጥሩ ውስጥ ሣሩና ከብት የሚወዳቸው አበባማ ዕፀዋት እየበዙ መሬቱን ሸፈኑት፤ ከአጥሩ ውጪ ግን እነዚህ አንሰው የተራቆተው መሬት በዛ። የእርስዋ ሥራ በተተኪዎቿ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሲቀጥል፣ መንግሥትም የከብቱን ቍጥርና የግጦሹን ወራት እየወሰነ መጣ፤ በ2005ም በብሔራዊው ፓርክ ውስጥ የነበረው የግጦሽ ፈቃድ እንዲያበቃ ወሰነ።

ከዚህ ታሪክ ለአስተዳዳሪ የሚጠቅመው ፍሬ ነገር የአጥሩ አሠራር ነው። በአጥር የተከለለ ትንሽ ስፍራ የማይዋሽ ምስክር ነው። ሁለቱ ወገኖች በቃል ሲከራከሩ፣ ያችው ትንሽ ስፍራ ሜዳው ምን እንደ ነበረና ምን እንደ ሆነ ለዓይን ታሳያለች።

ድርሻውና ወራቱ

ወደ መንዝ ስንመለስ፣ የቄሮ ሥርዓት ብልህነት ቢኖረውም እንከን የለሽ አልነበረም። መብቱ የአስቦና የጌራ ተወላጆች ብቻ ስለ ነበር፣ በአጠገቡ እየኖረ ከአፋፉ ማዶ ሣሩን በዓይኑ ብቻ የሚያይ ጐረቤት ነበረ። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ሲወጣ ይህ የዘር ድርሻ ቀረ። ቀድሞ ያልተፈቀደላቸው ሰዎችም ወደ ሜዳው ገቡ። ለእነርሱ ይህ ፍትሕ ነበር።

ነገር ግን ድርሻው ሲፈርስ ከድርሻው ጋር ታስሮ የነበረው የወራት ሕግ አብሮ ፈረሰ። አባ ቄራ ሥልጣኑን ሲያጣ፣ ሐምሌ 5 ቀን ከብቱን የሚያስወጣ ሰው ታጣ። ሜዳው የሁሉ ሲሆን የሚጠብቀው ጠፋ፤ የሁሉ የሆነ ነገር ደግሞ ጠባቂ ካላገኘ የቀደመ ሁሉ ይወስደዋል። አንዱ ጐረቤት ከብቱን ከልክሎ ቢያሳድር ሌላው ይገባበታልና፣ መታገሥ የሞኝ ሥራ መሰለ። ከዚህ የተነሣ ሣሩም እንጨቱም ከቀድሞው ይልቅ ያለ ዕረፍት ይወሰድ ጀመር።

አዋጁን ያወጡ ሰዎች ሣሩን ለመጕዳት አላሰቡም። ያሰቡት ስለ ድርሻ ነበር፤ ስለ ወራት ግን አልተጨነቁም። አስተዳደር ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው በዚህ ዓይነት ነው። አሮጌ ሥርዓት ሲሻር በውስጡ ያለው ግፍ ብቻ ሳይሆን ጥበቡም አብሮ ይጣላል።

ደግነቱ የመንዝ ሕዝብ ነገሩን በዚያው አልተወውም። በቄሮ ፈንታ በየቀበሌው ነዋሪዎች የተመሠረተ አዲስ የጋራ ጥበቃ ተቋቋመ፤ መብቱም በዘር ሳይሆን በነዋሪነት ሆነ። ጓሳም ዛሬ በኢትዮጵያ ውስጥ በሕዝብ የሚጠበቅ ስፍራ ተብሎ የታወቀ ሲሆን፣ ጭላዳውንና ቀይ ቀበሮውን ለማየት የሚመጣ እንግዳ ከሚያወጣው ገንዘብም ነዋሪው ጥቂት ይጠቀማል። ቤት በቆርቆሮ መክደን እየተለመደ በሄደበት በዚህ ዘመን ጓሳ ለክዳን ያለው ዋጋ ስለሚቀንስ፣ ሕዝቡ ሜዳውን እንዲጠብቅ የሚያበረታታ ሌላ ጥቅም ማግኘቱ ቀላል ነገር አይደለም።

በስሜን ተራሮች የታየው መንገድ ከዚህ የተለየ ነው። ይህ ፓርክ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1978 በዓለም ቅርስነት ቢመዘገብም፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መካከል ተቈጠረ፤ የእርሻውና የግጦሹ ብዛት ከሚያሳስቡት ነገሮች አንዱ ነበር። በ2016 በግጭ የነበሩ ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ ተደረገ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ተሰረዘ። ለሣሩ ትልቅ ዕረፍት ነው። ዳሩ ግን ሰውን ከቀዬው ማንሣት ለመንግሥትም ለነዋሪውም ከባድ ዋጋ የሚያስከፍል የመጨረሻ መንገድ ነው። የወራት ሕግ በጊዜው ተጠብቆ ቢሆን ስንት ስፍራ ወደዚህ ዳርቻ ሳይደርስ ይቀር እንደ ነበር ማሰብ ይገባል።

ለሹምና ለነጋዴ

የወራት ሕግ የመንዝ ብቻ አይደለም። በኤርትራ ደጋና በትግራይ ሕዛእቲ የሚባለው የመንደር ግጦሽ በክረምት ተዘግቶ ከቆየ በኋላ ለእርሻ በሬዎች መክፈት የታወቀ ልማድ ነው። የሐማሴን እረኛ በደጋው ሣር ሲያልቅ በበጋው ወራት ዝናብ ወደሚያገኘው ወደ ምሥራቁ ቍልቍለት ከብቱን ይነዳል፤ በዚያን ጊዜ ደጋው ያርፋል። የባሌ አርብቶ አደርም ከብቱን በየወራቱ ወደ ከፍተኛው ሜዳና ወደ ሆራው ያወጣና ይመልሰዋል። ስማቸው ይለያይ እንጂ ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፤ ሣር የሚያርፍበት ወራት ይኑረው።

ስለዚህ ስለ ግጦሽ ደንብ የሚያወጣ ሹም የከብቱን ቍጥር ብቻ ቢወስን ሥራውን በግማሽ ትቶታል። መቶ ከብት በበጋ ለሁለት ወር የሚገባበት ሜዳ ሊለማ ሲችል፣ ሠላሳ ከብት ዓመቱን ሙሉ የሚውልበት ሜዳ ሊጠፋ ይችላል። ደንቡ መቼ እንደሚከፈት፣ መቼ እንደሚዘጋ፣ የትኛው ከብት እንደሚገባ፣ መዝጊያውን ቀን የሚያስከብረውም ማን እንደሆነ በግልጽ መናገር አለበት። የዘመዱን ከብት ከሐምሌ 5 በኋላ በሜዳው ላይ አይቶ ዝም የሚል ጠባቂ ካለ፣ ደንቡ የወረቀት ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ከሁሉም በላይ ደንቡን በእጃቸው የሚፈጽሙት እረኞችና ሽማግሌዎች በአወጣጡ መካፈል ይገባቸዋል፤ የወራቱን ጠባይ ከእነርሱ ይበልጥ የሚያውቅ የለምና።

ነጋዴም በበኩሉ ከዚህ ነገር ውጪ አይደለም። በድርቅ ዓመት ሣሩ ያለቀበት ባላገር ከብቱን በርካሽ ወደ ገበያ ይነዳል፤ ለአንድ ሳምንት ትርፍ የሚመስለው ነገር በሚቀጥሉት ዓመታት ባዶ ገበያ ይሆናል። ዕረፍት ያገኘ ሜዳ ያለው አገር ግን በክፉ ቀን የሚከፍተው ጎተራ አለው። ጓሳ ለመንዝ እንዲህ ያለ ጎተራ ሆኖ ኖሯል።

የሜዳን ጤንነት ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ብዙ መሣሪያ አያስፈልገውም። የሣሩ ዘለላ ግርጌው ሞልቶ ከቆመ፣ በመካከሉም ማገጡ ካበበ፣ ዝናብ ሲጥል ከሜዳው የሚወርደው ውሃ ከጠራ፣ ሜዳው ደኅና ነው። ሣማና ቱልት ከበረት አጠገብ አልፈው ከተስፋፉ፣ ሣሩ ተገንጥሎ አፈሩ ከታየ፣ ጅረቱም ከደፈረሰ፣ ዋናው ገንዘብ መበላት ጀምሯል። ያን ጊዜ ሹሙ የሚጠይቀው «ከብቱ ስንት ነው» ብቻ አይሁን፤ «ይህ ሣር መቼ ዐርፎ ያውቃል» ብሎም ይጠይቅ።